መኪናው የት ያድራል? ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ከከተማዋ ዳር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ከአንባቢዎቻችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጻፉት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ነው፤ መንገዱ የሚረዝመውና የነዳጁ ወጪ የሚከብደው እዚያ ለሚኖረው ነውና። ለዚህ እትም አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሌሎቹንም የሚነካ ስለሆነ ምላሹን ሰፋ አድርገን አቅርበነዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። በእኛ ብሎክ በአጭር ጊዜ ውስጥ በርካታ ጎረቤቶቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተዋል። ባለቤቴም ቪትዛችንን ሸጠን እኛም እንግዛ ትላለች። እኔ ግን ሰው የሚገዛው ጥቅሙን አስልቶ ይሁን ጎረቤቱን ዐይቶ ሊለይልኝ አልቻለም። ገዢን ወደዚህ መኪና የሚገፋው በእርግጥ ምንድን ነው? እኛስ ምኑን ዐይተን እንወስን? (የባንክ ሠራተኛ፣ ኮዬ ፈጬ)

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ገዢው የሚመርጠው ከምንና ከምን መካከል እንደሆነ እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ፣ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን፣ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈልባቸው፣ ተበታትነው መጥተው እዚህ ለሚገጣጠሙት ግን ቀረጡ ጭራሽ እንዲቀር ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቁ።

እነዚህ ውሳኔዎች ተደራርበው ምርጫውን ለውጠውታል። ዛሬ በአዲስ አበባ መኪና የሚገዛ ሰው አዲስ የነዳጅ መኪናን ከአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ጋር አያወዳድርም፤ የሚያወዳድረው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለገለን፣ በብዙ እጅ ያለፈን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ምንም ካልተነዳ የቻይና መኪና ጋር ነው። አዲስ ስለማይገባ ያሉት አሮጌዎች ላይ ፈላጊ በዝቶ ዋጋቸው አልወርድ ብሏል። በብዙ አገር ገዢውን ከኤሌክትሪክ መኪና የሚያርቀው ትልቁ ነገር የመግዣ ዋጋው ከነዳጁ መኪና መብለጡ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ታክሱና እገዳው ይህን እንቅፋት አንሥተው ወደ ሌላው ወገን አዙረውታል። ስለዚህ የጎረቤቶችዎን ምርጫ ፋሽን ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ገፊ ነዳጅ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቤንዚን ዋጋ በተደጋጋሚ ተከልሶ በጥር 2017 ዓ.ም. ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያ በኋላም ጨምሯል። ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ነው ብለን እንነሣ። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትፈጅ ቪትዝ በቀን ሦስት ሊትር ተኩል ትፈልጋለች፤ በወር 26 የሥራ ቀናት ቢታሰብ 91 ሊትር ይሆናል። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ሲጨመር ለዚሁ መንገድ በቀን ከ8 እስከ 9፣ በወር ወደ 230 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 91 ሊትሩን በማደያው ዋጋ፣ 230ውን ኪሎዋት ሰዓት በቆጣሪዎ ታሪፍ አባዝተው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በማደያ ሰልፍ የሚጠፋውን ጊዜም ከቤንዚኑ በኩል ይደምሩበት። ስሌቱ ሲሠራ ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በሰባት እርከን የተከፈለና እያደገ የሚሄድ መሆኑ አይዘንጋ። ምጣዱም ምድጃውም በኤሌክትሪክ በሆነ ቤት ላይ በወር 230 ኪሎዋት ሰዓት ሲጨመርበት ቆጣሪው ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ወዳለው ውድ እርከን ሊሻገር ይችላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ይህ ሁሉ ልዩነቱን ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጎረቤትን ዐይቶ መግዛት ያሉትንም በቀላሉ የምናየው አይደለም። ሻጩ ስለ መኪናው የሚናገረው ለመሸጥ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ እንዴት እንደሆነ፣ ሲበላሽ የትኛው ጋራዥ እንደሚያውቀው፣ የወሩ የመብራት ሒሳብ ምን ያህል እንደጨመረ የሚነግርዎት አብሮዎት የሚኖር ሰው ነው። ለዚህም ነው በአንድ ሰፈር አንድ ሁለት ሰው ሲገዛ ሌሎቹ የሚከተሉት። ይሁን እንጂ የጎረቤት ምስክርነት የራሱን ሁኔታ ይዞ ይመጣል። አንዱ ምድር ቤት ስለሚኖር መስኮቱ ሥር አቁሞ ቻርጅ ያደርጋል፤ ሌላው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሞልቶ ይመለሳል። እርስዎ አራተኛ ፎቅ ነዎት።

እኔ በበኩሌ ከዋጋውም ከነዳጁም ከጎረቤቱም በላይ የሚወስነው መኪናው የሚያድርበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ምቾቱ ሰው ተኝቶ ሲያድር የሚሞላ መሆኑ ነው፤ የራሱ ሶኬት የሌለው ባለቤት ከነዳጅ ሰልፍ ወጥቶ ወደ ቻርጅ ሰልፍ ይገባል። በየዳርቻው ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ምሽት ላይ ያለፈ ሰው ችግሩን በዐይኑ ያየዋል። ገመድ ከኩሽና መስኮት ወርዶ በየበረንዳው ጠርዝ እየታሸ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይዘረጋል፤ ከኤክስቴንሽኑ ጋር የተገናኘበት ቦታ ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ጠዋት ሲነቀል የሶኬቱ አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያውን ጠቁሯል። ሰው «ምጣዱን የቻለ ሶኬት መኪናውን እንዴት አይችልም?» ይላል። ምጣድ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ይሠራና ይጠፋል፤ መኪና ግን 10 ወይም 16 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ቀጭን ገመድና የላላ ሶኬት ይህን ያህል ሰዓት ሲግሉ መጨረሻቸው እሳት ነው፤ እሳቱ ደግሞ የባለ መኪናውን ቤት ብቻ መርጦ አይነካም። ከአራተኛ ፎቅ ገመድ ጥሎ ቻርጅ ማድረግን በምንም መንገድ አልመክርም።

ያለው መፍትሔ ጎረቤቶች አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የመኪና ማቆሚያውን ጨምሮ የጋራ ቦታዎችን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። በብሎክዎ ያሉት ባለ መኪኖች በማኅበሩ በኩል ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክተው ለማቆሚያው ራሱን የቻለ ቆጣሪ ቢያስገቡ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦታ የየራሱ ብሬከርና ንዑስ ቆጣሪ ቢተከል፣ ማን ስንት እንደተጠቀመ በግልጽ ይታወቃል፤ የደረጃ መብራቱንና የውኃ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው የጋራ ቆጣሪም ከጭቅጭቅ ይድናል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይችል እንደሆነ አገልግሎቱ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ አሥር መኪና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እራት በሚሠራበት ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ቢሰካ መላው ብሎክ ሊጨልም ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በተራ እንዲሞላ መወሰን ይኖርበታል። ነገሩ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡት አዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ የሆኑባት ኖርዌይ የቀረጥ ቅነሳውን የጀመረችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ነገር ግን ቀረጥ መቀነስ ብቻውን አልበቃ ብሎ፣ በጋራ ሕንፃ የሚኖር ባለቤት በማቆሚያው ቻርጀር የመትከል መብቱን በሕግ እስከማስከበር ደርሳለች። በእኛም አገር በቀረጡ ላይ የታየው ፍጥነት በኮንዶሚኒየም ማቆሚያዎች ላይ ቢደገም ከልብ እመኛለሁ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ግን መንገድ ላይ መቅረትን ነው። ገዢው ባትሪውን የሚመርጠው በየቀኑ የሚሄድበትን 50 ኪሎ ሜትር እያሰበ አይደለም፤ በዓመት አንዴ ለበዓል ወደ ቤተሰብ የሚሄድበትን፣ ለምሳሌ እስከ ደሴ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እያሰበ ነው። ለአንድ ጉዞ ሲል በርካታ መቶ ሺህ ብር ጨምሮ ትልቅ ባትሪ ከሚገዛ ለዚያ ጉዞ አውቶቡስ ቢሳፈር ወይም መኪና ቢከራይ ይሻለዋል። በማስታወቂያ የሚነገረው ርቀትም በቻይና መለኪያ የተለካና የተጋነነ ስለሆነ ሲሶ ያህሉን ቀንሰው ያስሉ፤ 300 የተባለውን 200 ነው ብለው ይያዙ።

እናም ለእርስዎና ለባለቤትዎ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። የብሎኩ ማኅበር የማቆሚያ ቆጣሪ ለማስገባት በቃለ ጉባኤ ከተስማማ፣ ወይም ሜክሲኮ ያለው መሥሪያ ቤትዎ በግቢው ቻርጅ እንዲያደርጉ በጽሑፍ ከፈቀደ፣ ግዙ። አንዱም ከሌለ ግን መኪናውን በየሦስትና በየአራት ቀኑ ከተማ ውስጥ ካሉት የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያዎች ወደ አንዱ መውሰድ ይኖርብዎታል፤ ይህ የሚቻል ነው፤ ለባለቤትዎ ግን ከወዲሁ መነገር አለበት። ያንን ኑሮ የማትፈልጉት ከሆነ ቪትዟን ለጊዜው አትሽጧት።

ጥያቄ፦ ሰበታ የራሴ ግቢ ያለው ቤት አለኝ። መኪናውን ለመግዛት ገንዘቡን አዘጋጅቻለሁ፤ ነገር ግን መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል፤ ሲመጣም ማታ ማታ ኃይሉ ደካማ ነው። በዚህ ሁኔታ መግዛት ሞኝነት አይሆንም? (ነጋዴ፣ ሰበታ)

ምላሽ፦ አይሆንም። እርስዎ ግቢ ያለዎት ሰው ነዎት፤ ከላይ ያለው ጠያቂያችን የሚቸገርበት ነገር ለእርስዎ ገና ከመነሻው ተፈትቶልዎታል። መኪናው ከቤት ዕቃ የሚለየው መብራት በመጣ ሰዓት ወስዶ የሚያስቀምጥ በመሆኑ ነው። በ10 አምፔር የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በሰዓት ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚያስገባ ለአንድ ቀን መንገድዎ የሚበቃውን በአራት ሰዓት ይሞላል። ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ቢያድር እንኳ ባትሪዎን ከግማሽ በታች ሳያወርዱ የመያዝ ልማድ ካለዎት ሁለት ሦስት ቀን ያዘልቅዎታል። መብራት በጠፋ ጊዜ ማደያዎችም ነዳጅ መቅዳት እንደሚቸገሩ ልብ ይበሉ።

ማታ ኃይሉ ሲዳከም ቻርጀሩ ራሱ ያቆማል ወይም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በመኪናው የሰዓት መቆጣጠሪያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ያድርጉት። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የሚሸጠውን ስታብላይዘር መካከል አያስገቡ፤ ይህን ያህል ጭነት ለሰዓታት አይችልም። ከማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ የሚነሣ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና በደንብ የተቀበረ ኧርዝ (ያፈተለከን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) ያስፈልገዋል። በዳርቻው ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ ሲሠሩ ኧርዝ አልተቀበረላቸውም፤ ሰው አዲስ መኪናውን ሰክቶ የቻርጀሩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ቻርጀሩ ኧርዝ አላገኘሁም ማለቱ ነው። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ኑትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል፤ ይህ የመኪናውን አካል በኤሌክትሪክ ሊያስይዝ ስለሚችል ለልጆች እጅግ አደገኛ ነው፤ ፈጽሞ እንዳይፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና የእንጦጦን ዳገት ይችለዋል? ባትሪውንስ አይጨርሰውም? (ሱሉልታ)

ምላሽ፦ ዳገቱን ከነዳጅ መኪና ይልቅ የኤሌክትሪክ መኪና ይችለዋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ የከፍታው ነገር አይነካውም። ባትሪውን በተመለከተ፣ 1700 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ ወደ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል፤ ይህ በሜዳ 15 ኪሎ ሜትር እንደመሄድ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከወጣው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን ይመልሳል፤ ፍሬን ሸራውም ብዙ ዘመን ያገለግላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመሩ የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን እንደ ወትሮው ይዞ አያዘገየውም፤ ሱሉልታ ላይ ሲሞሉ 90 በመቶ ላይ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በተሻለ ዋጋ አግኝቼ ነበር፤ ወንድሜ ግን «ባትሪው ከሞተ የገዛሽው ብረት ነው» ብሎ አስፈራራኝ። እውነት ነው? (የፋርማሲ ባለሙያ፣ ለገጣፎ)

ምላሽ፦ የወንድምዎ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። ነገር ግን ባትሪ በአንድ ቀን አይሞትም፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዕድሜውን ክፉኛ የሚያሳጥረው ኃይለኛ ሙቀት ነው፤ የአዲስ አበባ አየር በዚህ በኩል ባለውለታችን ነው። የባትሪውን ዓይነት ይጠይቁ። ቢዋይዲ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ብሌድ» ባትሪ የሚገኝበት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ዓይነት ብዙ ጊዜ ተሞልቶ መጠቀምን ይችላል፤ አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ ቢሞላም አይጎዳውም። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ሌላው ዓይነት ደግሞ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ይህኛው በየቀኑ ከ80 በመቶ ሳያልፍ ቢያዝ ዕድሜው ይረዝማል።

እኔን ከባትሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ዋስትናው ነው። አምራቾች ለባትሪ የስምንት ዓመት ዋስትና መስጠታቸው የተለመደ ቢሆንም ወደ እኛ ገበያ ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በግል አስመጪዎች የመጡ ስለሆኑ ዋስትናው አብሯቸው አልመጣም። ስለዚህ «ዋስትና አለው» የሚልዎትን ሻጭ ዋስትናውን የሚፈጽመው እዚህ አገር ያለው የትኛው ጋራዥ እንደሆነ ይጠይቁትና በውሉ ላይ እንዲያሰፍረው ያድርጉ። ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መለወጡን ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ አንድ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሲበራ ማንበብ አለመቻል ከልጆች ጋር መንገድ ላይ ላለች እናት ቀላል ነገር አይደለም። የቻርጅ ማስገቢያው የቻይናው ጂቢቲ ወይም የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 መሆኑንም ይወቁ፤ ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ደርሶ አለመግጠሙን መረዳት ያበሳጫል።

መኪናውን ለማየት ሲሄዱ የባትሪ ጤንነት በኮምፒውተር የሚያነብ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ ከሚይዘው ምን ያህሉ እንደቀረ በመቶኛ ያሳይዎታል። ቀጥሎ በክሪክ አስነሥተው ሆዱን ይመልከቱ። ባትሪው የተዘረጋው ከወለሉ ሥር ስለሆነ በኮብልስቶኑና በየውስጥ መንገዱ ድንጋይ የተመታ፣ የተጎደጎደ ወይም ብሎኖቹ የተነካኩ ከሆነ፣ መቶኛው የቱንም ያህል ቢያምር ያንን መኪና ይተዉት። በመጨረሻም አሥራ ሁለት ቮልቷን ትንሿን ባትሪ መቼ እንደቀየራት ባለቤቱን ይጠይቁ፤ መኪናው ጠዋት አልነሣ የሚለው በአብዛኛው በእርሷ ምክንያት ነው።